የታንቲግ አራክሲ ወንበር

ታንቲግ አራክሲ ባንኩን የከሰሱት በእግራቸው ምክንያት ነው። ሰው ባንክ የሚከሰው ገንዘቡ ሲጎድልበት ብቻ የሚመስላቸው ደንበኞች፣ «ስንት ወሰዱብዎት?» እያሉ ይጠይቋቸው ነበር። እሳቸውም፣ «ገንዘቤ ደህና ነው፤ የጎደለኝ ወንበር ነው» ይሏቸዋል።

ቅርንጫፋችን ፍሬዝኖ ውስጥ፣ ብላክስቶን መንገድ ላይ፣ በጎማ መሸጫና በጥርስ ሐኪም መካከል ነው። አራት መስኮት አለን። አንደኛው የማሪሴላ፣ ሁለተኛው የታንቲግ አራክሲ፣ ሦስተኛው የእኔ፣ አራተኛው የሎይድ ነው። ታንቲግ በአርመኖች አነጋገር አክስት ማለት ነው። ማሪሴላ የሜክሲኮ ልጅ ናት፤ እኔ ከሩቅ ምሥራቅ ተራሮች የመጡት የሕሞንግ ሰዎች ልጅ ነኝ፤ የሎይድ አያቶች ደግሞ ከኦክላሆማ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ሁላችንም ግን ታንቲግ እንላቸዋለን። እዚያ መስኮት ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርተዋል፤ ሃያ ሰባቱንም ዓመት ቆመው። ከመስኮቱ ጀርባ ወንበር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም።

አንድ ሰኞ፣ ጠዋት የገባው ጫማቸው ከሥራ ስንወጣ አልወልቅ አለ። እግራቸው አብጦ ነበር። ማሪሴላ ተንበርክካ ስትጎትት፣ እኔ ከኋላ ወገባቸውን ይዤ ስደግፍ፣ ጫማው ድንገት ወልቆ ማሪሴላን ከካዝናው በር ጋር አላተማት።

በማግስቱ ታንቲግ አራክሲ ወደ ሥራ አስኪያጃችን ወደ ግሌን ቢሮ ገቡ። ቢሮው መስታወት ስለሆነ ሁላችንም እናያለን፤ በሩን ስለማይዘጋው ደግሞ እንሰማለን።

«ግሌን፣ ወንበር እፈልጋለሁ።»

«ታንቲግ፣ በእኔ እጅ ቢሆን ዛሬውኑ ነበር። ግን መመሪያው ቁሙ ይላል። የቆመ ቴለር ለደንበኛው ዝግጁ ሆኖ ይታያል።»

«አንተስ ዝግጁ አይደለህም?»

ግሌን የተቀመጠባትን ባለመሽከርከሪያ ወንበር ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አደረጋት። «የእኔ ሥራ ይለያል» አለ።

«አየሁት እኮ። ተቀምጦ ቁሙ ማለት ነው።»

ግሌን ክፉ ሰው አይደለም። በሳምንቱ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጽፎ አራት የላስቲክ ምንጣፍ አስመጣልን። በእጁ ዘርግቶ፣ «ይኸው፣ ለእግርዎ ይለሰልስዎታል» አላቸው። ታንቲግ አራክሲ ወጡበትና ትንሽ ረገጥ ረገጥ አደረጉት። «ልጄ» አሉት፣ «ፍራሽ ላይ የቆመም ሰው ቆሟል።»

ከዚያ በኋላ ነው የእህታቸው ልጅ ጠበቃ ሶዲ ዘንድ የወሰደቻቸው። ጠበቃ ሶዲ ቀጠን ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። የሥራው ጠባይ የሚፈቅድ ከሆነ አሠሪው ወንበር እንዲሰጥ የካሊፎርኒያ ሕግ ያዛል አለቻቸው። ቀጥላም ስንት ሆነን እንደምንቆም ጠየቀች። እሳቸው አራት አሉ። እሷ በግዛቱ ባሉት ቅርንጫፎች ሁሉ ስታስቆጥር አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሆነን ተገኘን። ስለዚህ አንዱ ስለ ሁሉም የሚከስበት የጋራ ክስ ተከፈተ። መዝገቡ ላይ «አራክሲ ቦያጂያንና መሰሎቻቸው» ተብሎ ተጻፈ።

«መሰሎቼ ናችሁ እንግዲህ» አሉን ወረቀቱን እያሳዩ።

«መሰልዎ ከሆንኩ» አለች ማሪሴላ፣ «መጀመሪያ ላህማጁን የሚሉትን የአርመን የሥጋ ቂጣ መጋገር ያስተምሩኝ።»

«አንቺ ሊጥ ማቡካት መቼ ትወጂያለሽ! ስሙኝ፣ ከዚህ ክስ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በሰኔ ጡረታ እወጣለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ እዚሁ መስኮቴ ላይ ተቀምጬ ልሥራ።»

«ጡረታ ሲወጡ ቤትዎ ይቀመጡ የለም እንዴ?» አለ ሎይድ።

«ቤቴማ ማን ያየኛል?»

ባንኩ ዝም አላለም። ሥራችን ተቀምጠው የማይሠሩት መሆኑን ለማስረዳት አንድ ባለሙያ ላከ። ሰውየው ሰዓት በእጁ ይዞ ከኋላችን ቆመና ስንት ጊዜ እንደምንጎነበስ፣ ስንት ጊዜ እንደምንዘረጋ፣ ስንት ጊዜ ወዲያ ወዲህ እንደምንል መቁጠር ጀመረ። ማሪሴላ በጠዋቱ አስጠንቅቃን ነበር፤ «ዛሬ ከአንገት በታች የሚንቀሳቀስ ሰው እንዳይኖር!» ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እንደ ሐውልት ቆመን ዋልን። ሳንቲም ሲወድቅ እንኳ ዝቅ ብሎ የሚያነሳ ጠፋ። አንዲት አሮጊት ደንበኛ ወደ ግሌን ሄደው፣ ልጆቹ ታመዋል ወይ ብለው ጠየቁ። ሎይድ ግን አልተቸገረም፤ እሱ ሁልጊዜም እንደዚያው ነው።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ፍርድ ቤቱ ክሱ በሁላችንም ስም መቀጠል ይችላል አለ። ለሁላችንም በየቤታችን ደብዳቤ መጣ። ሦስት ገጽ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ ነው፤ በአራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ስም፣ አድራሻ፣ ቀንና ፊርማ የሚሞላበት ቅጽ አለ።

ባንክ ቤት የከረመ ሰው ረጅም ጽሑፍ አያነብም። ደንበኛው ሃያ ገጽ የብድር ውል ስንሰጠው «የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» ይለናል፤ እኛም ቢጫ ቀስት የለጠፍንበትን ቦታ በጣታችን እናሳየዋለን። ቀኑን ሙሉ ይህን ስናደርግ ስለምንውል የራሳችን ወረቀት ሲመጣም ዓይናችን የሚፈልገው ቀስቱን ነው። ደግሞም «ያልተፈረመበት ወረቀት ወረቀት አይደለም» የሚለው የባንኩ መመሪያ በምሳ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

በዚያው ምሳ ክፍል፣ ሐሙስ ቀን፣ ታንቲግ አራክሲ ያመጡትን ላህማጁን እየበላን ቅጹን ሞላን።

«ቅባት እንዳታስነኩት» አሉ ታንቲግ አራክሲ። «ፔንግ፣ ልጄ፣ ቀኑን ጻፍክ?»

«ጽፌአለሁ፣ ታንቲግ» አልኩ።

«ማሪሴላ የእኔን ታረጋግጥ፤ እኔ የፔንግን አረጋግጣለሁ፤ ፔንግ የማሪሴላን።»

አንዳችን የሌላችንን መረመርን። ከጎን በአጭሩ ፈረምን። ታንቲግ አራክሲ «ተረጋግጧል» የሚለውን ማኅተም ከመስኮታቸው አምጥተው በሦስቱም ላይ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አደረጉ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ቅጽ ሞልቼ አላውቅም።

«ሎይድ፣ የአንተስ?»

«መጥቶልኛል መሰለኝ» አለ ሎይድ አፉ ሞልቶ። ሎይድ የሚላክለትን ፖስታ ሁሉ ሳይከፍት ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ይወረውራል። ዓመት ሲሞላ በማዳበሪያ ጠቅጥቆ ይጥለዋል።

«መሰለኝ? አንተን ይዤ ነው እኔ ባንክ የምረታው?»

«ነገ አመጣዋለሁ፣ ታንቲግ።»

«ነገ! አንተ ስትወለድም እናትህን ነገ ሳትላት አልቀረህም።»

ሎይድ ነገም፣ ከነገ ወዲያም አላመጣም። ታንቲግ አራክሲ ግን በእሱ ተስፋ ቆርጠው ወደ ሌሎቹ ዞሩ። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ የማያውቁት ቅርንጫፍ የለም። ከሥራ በኋላ ስልካቸውን ይዘው ለሞዴስቶ፣ ለቪሴሊያ፣ ለቤከርስፊልድ፣ ለስቶክተን ደወሉ። «ፈርመሽ ላክሽ? ምን ትጠብቂያለሽ! ዛሬውኑ ፈርሚና ላኪ። ሌላ ሰው ያረጋግጥልሽ!» በሦስት ሳምንት ውስጥ ድምፃቸው ጎረነነ።

በወሩ መጨረሻ ጠበቃ ሶዲ ራሷ መጣች። ወደ ቢሮ አልገባችም፤ ከደንበኞች ጋር ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ ሁለተኛው መስኮት ፊት ቆመች።

«ወይዘሮ ቦያጂያን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከክሱ ለምን ወጡ?»

«ማን ነው የወጣው?»

«እርስዎ። ማሪሴላ። ፔንግ። እርስዎ የደወሉላቸው ሁለት መቶ አሥር ሰዎችም።» ጠበቃዋ ማስታወቂያውን ከቦርሳዋ አውጥታ በመስታወቱ ሥር አሾለከችልኝ። «ፔንግ፣ እባክህ ሁለተኛውን አንቀጽ አንብብላቸው።»

ሰው ፊት ማንበብ አልወድም። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኝ ነበር። አነበብኩ፤ «በክሱ ውስጥ መቆየት የሚፈልግ ሰው ምንም ማድረግ የለበትም። ከክሱ መውጣት የሚፈልግ ሰው ብቻ በመጨረሻው ገጽ ያለውን ቅጽ ፈርሞ ይላክ።»

ከኋላ የተሰለፉት ደንበኞች እንኳ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምንም?» አሉ ታንቲግ አራክሲ። «ምንም ሳያደርጉበት የሚሠራ ወረቀት ደግሞ ምን ዓይነት ወረቀት ነው?»

«የፍርድ ቤት ወረቀት ነዋ!» አለች ጠበቃዋ።

«ማሪሴላ፣ አረጋግጠሽልኝ የለም እንዴ?»

«ፊርማዎን ነው ያረጋገጥኩት፤ አእምሮዎን አይደለም!» አለች ማሪሴላ፤ ወዲያው ግን ደነገጠችና አፏን ያዘች።

ጠበቃዋ የሆነውን በአጭሩ ነገረችን። የባንኩ ጠበቆች እነዚያን ቅጾች ይዘው ፍርድ ቤት ቀርበዋል። ዋናዋ ከሳሽ በገዛ ፈቃዷ ወጥታለች፣ ከሳሽ የሌለው ክስ ደግሞ የለምና መዝገቡ ይዘጋ ብለዋል። ችሎቱ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ነው። መዝገቡ ከተዘጋ ሌላ ክስ መክፈት ይቻላል፤ ግን ሌላ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ታንቲግ አራክሲ የቀራቸው ስምንት ወር ነው።

«በእርስዎ ቦታ ዋና ከሳሽ ሆኖ የሚቆም፣ ነገሩን ከመጀመሪያው የሚያውቅ፣ ከዚህ ቅርንጫፍ ያልፈረመ አንድ ሰው አለ?» አለች ጠበቃዋ። «አንድ ይበቃኛል።»

ሁላችንም ወደ አራተኛው መስኮት ዞርን። ሎይድ የእስክሪብቶ ክዳን እያኘከ ነበር።

«ምን አደረግኩ?» አለ።

«ምንም» አለች ማሪሴላ። «እግዜር ይስጥህ፣ ምንም አላደረግህም!»

ያን ቀን በምሳ ሰዓት አራታችን የሎይድን መኪና በረበርነው። የአሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ የደረቀ ብርቱካን፣ የብዙ ወር የመብራት ደብዳቤ አወጣን። የፍርድ ቤቱ ፖስታ ከጎማ መፍቻው ሥር ተገኘ። አልተከፈተም። ሎይድ ሊቀደው ሲል ታንቲግ አራክሲ እጁን በጥፊ መቱት። «እንዳትነካው! ያለን ማስረጃ ይኸው ነው!»

በችሎቱ ቀን አራታችንም ፈቃድ ስንጠይቅ ግሌን ስለ ክሱ እንዳይናገር ታዟልና ጣሪያውን እያየ፣ «ለምን እንደምትሄዱ አላውቅም፤ በርቱ» አለን። ብቻውን መስኮት ላይ ቆመ።

ዳኛዋ፣ ዳኛ ዊትከም፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። የባንኩ ጠበቃ ደግሞ ረጅም፣ ድምፁ የሚያምር ሰው ነው። ወፍራም የወረቀት ቁልል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ክብርት ዳኛ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሠራተኞች፣ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ፣ በሁለት ሰው ፊርማ ተረጋግጦ፣ በክሱ ውስጥ መሆን አንፈልግም ብለዋል። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ የተሟላ ሰነድ አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም» አሉ ዳኛዋ አንዱን ቅጽ አንስተው። «ይህ ማኅተም ምንድን ነው?»

ታንቲግ አራክሲ ብድግ አሉ። «የእኔ ነው፣ ክብርት ዳኛ። ተረጋግጧል ይላል።»

«ከገዛ ክስዎ መውጣትዎን ያረጋገጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት?»

«የእኔን ማሪሴላ ናት ያረጋገጠችው። የራስን ማረጋገጥ በባንካችን ክልክል ነው።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቁን በሳል ለወጠው። ዳኛዋ ቅጹን አስቀመጡ። «ገባኝ። ይቀመጡ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ታንቲግ አራክሲ። «በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ በሥራ ሰዓት ይቀመጡ ያለኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።»

ከዚያ ሎይድ ተጠራ። ከረቫት አድርጎ ነበር፤ ከረቫቱን እኔ ነኝ ያሰርኩለት። የባንኩ ጠበቃ ፈገግ ብሎ ቀረበው።

«አቶ ሎይድ፣ በክሱ ውስጥ ለመቆየት የወሰኑት መቼ ነው?»

«አልወሰንኩም።»

«ማስታወቂያውን አንብበው ነበር?»

«ኧረ እኔ ፖስታ አልከፍትም።»

«ለምን?»

«አንድም ቀን ደስ የሚል ነገር ኖሮበት አያውቅም።»

የባንኩ ጠበቃ ወደ ዳኛዋ ዞሮ እጁን ዘረጋ። «ይኸውልዎት፣ ክብርት ዳኛ! አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰው ወክሎ የሚቆመው ይህ ሰው ነው? ደብዳቤውን እንኳ አልከፈተም!»

ጠበቃ ሶዲ የታሸገውን ፖስታ ለዳኛዋ አቀረበች። ዳኛዋ ገለባበጡት፤ ራሳቸው ቀደዱት፤ ሦስቱንም ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡ። የታንቲግ አራክሲ እጅ የእኔን ክንድ ይዞ ነበር፤ ጥፍራቸው ይሰማኛል።

«ማስታወቂያው» አሉ ዳኛዋ በመጨረሻ፣ «መቆየት የሚፈልግ ምንም አያድርግ ይላል። በዚህ መዝገብ ውስጥ ካየኋቸው ሰዎች የፍርድ ቤቱን መመሪያ በትክክል የፈጸመው እሱ ብቻ ነው። ያላነበበው ሰው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ባንኩ ሠራተኞቹን ያገኙትን ወረቀት ሁሉ እንዲፈርሙ ለዘመናት ካሠለጠነ በኋላ ፈርመዋልና ከክሱ ይባረሩ ማለቱ አይሆንም። ሎይድ በከሳሽነት ይግባ። የፈረሙት ደግሞ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ ይችላሉ።»

ታንቲግ አራክሲ ሳያስቡት ብድግ አሉ። «የቱ ጋ ነው የምንፈርመው?»

«መጀመሪያ ያንብቡት» አሉ ዳኛዋ።

ስንመለስ ግሌን ቢሮው ውስጥ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን የወረቀት መጣያው ላይ ሰቅሎ አገኘነው።

ታንቲግ አራክሲ ለሁለት መቶ አሥሩም እንደገና ደወሉ። በዚህ ጊዜ ማስታወቂያውን በስልክ ሙሉውን ያነቡላቸዋል፤ አንዳንዱ እንቅልፍ ወስዶት ሲያንኮራፋ እየሰሙም አያቆሙም። ከአራት ሰዎች በቀር ሁሉም ተመለሱ። አራቱ እውነትም ወንበር አይፈልጉም ነበር።

በሚያዝያ ባንኩ ታረቀ። «ጥፋት መፈጸሜን አላምንም፤ ነገር ግን በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ በየመስኮቱ ወንበር አስቀምጣለሁ» አለ። ጮኽን፣ ተቃቀፍን። ጣቷን አጥፋ የቆጠረችው ማሪሴላ ናት።

«ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ... ታንቲግ፣ ወንበሩ የሚመጣው እኮ በጥቅምት ነው። እርስዎ የሚወጡት በሰኔ።»

ታንቲግ አራክሲ ወደ መስታወቱ ቢሮ ገቡ። «ግሌን፣ ጡረታዬን ሰርዝልኝ።»

«ታንቲግ፣ በእግዜር! እግርዎ...»

«እግሬን ተወው። ሃያ ሰባት ዓመት የጠበቀ እግር አራት ወር አያቅተውም።»

ያ በጋ የፍሬዝኖ ሙቀት አስፋልት የሚያቀልጥ ነበር። የታንቲግ አራክሲ ጫማ በየወሩ አንድ ቁጥር ጨመረ፤ በመጨረሻ የባላቸውን ነጠላ ጫማ አድርገው መምጣት ጀመሩ። ማሪሴላ አላስችል ብሏት ከቤቷ ከፍ ያለ የወጥ ቤት ወንበር አመጣች።

«መልሺው» አሏት። «የከሰስኩት ባንኩን ነው፤ አንቺን አይደለም። የምቀመጠው በእሱ ወንበር ነው።»

ወንበሮቹ በጥቅምት ማክሰኞ ቀን በካርቶን መጡ። ግሌን እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ገጣጠማቸው፤ አንድ ብሎን ተረፈው፤ የት እንደሚገባ ስላላወቀ ኪሱ ከተተው። የታንቲግ አራክሲን ወንበር ራሱ ገፍቶ ከሁለተኛው መስኮት ጀርባ አቆመላቸው። እሳቸውም ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ወንበሩን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከደንበኞቹ በኩል ሲታይ ግን ጠፉ። ባንኩ የገዛው ከሁሉ የረከሰውን፣ ዝቅ ያለውን ወንበር ነበር፤ ጠረጴዛው ደግሞ ለቆመ ሰው የተሠራ ነው፤ ታንቲግ አራክሲም በቁመት አጭር ናቸው። ከጠረጴዛው በላይ የሚታየው ትንሽ ሽበት ብቻ ነው።

የዘቢብ ገበሬው ሽማግሌ፣ አቶ ቮስካን፣ እንደ ወትሮው ቼካቸውን ይዘው ወደ ሁለተኛው መስኮት መጡ። ባዶውን አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ... አራክሲ መቼ ነው የሞተችው?»

«አልሞትኩም!» የሚል ድምፅ ከታች መጣ። «ተቀምጬ ነው!»

አንዲት እጅ በመስታወቱ ሥር ሾልካ ወጣችና ቼኩን ከአቶ ቮስካን ጣት መንትፋ ይዛ ገባች። ማሪሴላ ጀርባዋን ሰጥታ ከሳቋ ጋር ትታገላለች። ግሌን ሮጦ መጣ።

«ታንቲግ፣ ደንበኛው አያይዎትም እኮ! ከፍ ያለ ወንበር እስካዝልዎ ድረስ፣ ለዛሬ ብቻ፣ ትንሽ ቢቆሙስ?»

ታንቲግ አራክሲ እግራቸውን ከነጠላ ጫማው አውጥተው በላስቲኩ ምንጣፍ ላይ ዘረጉ። የአቶ ቮስካንን ቼክ ገልብጠው ፊርማውን አዩ፤ ማኅተማቸውን አነሱ።

«ከፈለግህ ክሰሰኝ» አሉት፣ ቀና ብለው ሳያዩት።